የእህቴ ልጅ «መሲሕ ገና አልመጣም» አለና አባቴ ዝም አሉ

ሰላም እትዬ እንደምን ከረሙ። ሁሌ አነብዎታለሁ ግን ጽፌ አላቅም፣ ዛሬ የምነግረው ሰው አጥቼ ነው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ 29 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፣ ቅኔውን የተማሩት ደብረ ኤልያስ ነው፣ ወደ 74 ዓመታቸው ነው ግን አሁንም ተማሪ ከቤታችን አይጠፋም። ታላቅ እህቴ ጎንደር ስትማር ከቤተ እስራኤል ልጅ ጋር ተዋደደች፣ ተጋቡ፣ የባሏ ቤተሰብ ወረፋው ሲደርሰው አብራ እስራኤል ሄደች፣ እዛም ጊዩር የሚሉትን ትምህርት ጨርሳ አይሁዲ ሆነች። አባቴ ያኔ «እግዜር ያውቃል» ብለው ዝም አሉ፣ ስልክ ግን አላቋረጡም፣ በየሳምንቱ ያወሩ ነበር።

ዘንድሮ ለገና ከ11 ዓመት በኋላ መጣች፣ የ8 ዓመት ልጇን ይዛ። አባቴ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። በጉን ከወር በፊት ነው የገዙት፣ እኛን አላስነኩንም ራሳቸው ናቸው ሲያበሉት የከረሙ፣ ነጭ ሆኖ ግንባሩ ላይ ቡናማ ያለበት ነው፣ ኧረ ይረፉ ስንላቸው «ለልጄ ነው» ይላሉ። የገና ጠዋት ራሳቸው አረዱ። ምሳ ሲቀርብ እህቴ አንገቷን ደፍታ «አባዬ እኔ ሽሮ ይሻለኛል» አለች፣ እሱንም ይዛው በመጣችው ድስት ነው የሠራችው። አባቴ ምንም አላሉም፣ እሳቸውም ሳይበሉ ዋሉ።

ቡና ላይ ልጁን አቅፈው ስለ ቤተልሔም፣ ስለ በረቱ፣ ስለ እረኞቹ እያወሩለት ነበር። ልጁ «ሳባ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፣ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ አባቴም «ንግሥቲቱን ሆንኩላችሁ» እያሉ ይስቁ ነበር። ታዲያ በዛች በሚኮላተፍ አማርኛው «ሳባ፣ መሲሕ ገና አልመጣም'ኮ፣ መጀመሪያ ኤልያሁ ነው የሚመጣ» አላቸው። አጎቴ ቱግ ብሎ እህቴን «እናንተ የምትጠብቁት ሐሳዊ መሲሕን ነው!» አላት። እሷም እያለቀሰች «መጣ ካላችሁ ሰላሙ የታለ?» አለችው። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። በማግስቱ ሄደች። ይኸው ሦስት ወር ሆነ፣ በዋትስአፕ ስትደውል «ደህና ነው በያት» ከማለት በቀር አያናግሯትም፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ እኔ መሃል ገብቼ ተላላኪ ሆኛለሁ።

ሌላው ለማንም ያልነገርኩት አለ። ከዛ ወዲህ ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ የአይሁዶችን ክርክር እሰማለሁ፣ ኢሳይያስ 53 ስለ ክርስቶስ ሳይሆን ስለ እስራኤል ሕዝብ ነው ይላሉ፣ «ድንግል ትፀንሳለች» የሚለውም ዕብራይስጡ ላይ እንደዛ አይልም ይላሉ። መልስ የለኝም። አባቴን እንዳልጠይቅ ሁለተኛ ልጃቸውንም ያጡ ይመስላቸዋል። መጠየቄስ ኃጢአት ይሆን?

መሃል የገባችው ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

——

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ቦታ ስላልበቃን አሳጥረን ነው ያወጣነው፣ ዋናው ስድስት ገጽ ነበር። ከስድስቱ ሁለቱ ስለ በጉ ናቸው፣ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ፣ ስንት እንደተባለ፣ አባትሽ ጠዋት ጠዋት ምን እያሉ እንደሚያበሉት። ስለ መሲሕ የጻፍሽው ግማሽ ገጽ አይሞላም። ይሄን የምልሽ ጥያቄሽን ላሳንሰው አይደለም፣ እሱም ላይ የምችለውን ያህል እመጣለሁ፣ ግን እስቲ ቁጭ በይና አባትሽ የተጎዱት በየትኛው ነው ብለሽ አስቢ፣ የ8 ዓመት ልጅ ባላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው ወይስ ቀድሞ ምሳው ላይ? ምሳውን ሳይበሉ ዋሉ ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ'ኮ።

እኛ አገር ያረድነውን አልበላም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ልጅ አልነግርሽም። የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ እየተባባልን ያደግን ሰዎች ነን፣ ሰው ከየት ወገን እንደሆነ የሚለየው በቢላዋ ነው። አባትሽ 11 ዓመት ሙሉ ስልክ ላይ «ልጄ» ሲሏት የነበረችው ልጅ ከሌላ ወገን መሆኗን በጆሯቸው ያውቁ ነበር፣ በዓይናቸው ያዩት ግን የዛን ቀን ነው። የልጁ ነገር በቁስል ላይ ነው የመጣባቸው።

በሷ በኩል ደግሞ እይው። በአይሁድ ሕግ የሚያርደው ሾኼት የሚባል ለዚሁ የተማረ አይሁዳዊ መሆን አለበት፣ ቢላዋው ጥርስ እንዳይኖረው በጥፍር ይመረመራል፣ ከታረደ በኋላ የእንስሳው ሳንባ ይታያል፣ ሥጋው በጨው ደሙ ይወጣለታል። የአባትሽን እጅ ተጸይፋ አይደለም፣ የዓለም ምርጡ በግ ቢሆንም አትበላውም ነበር። ይሄን ግን ማን ነገራቸው? ማንም። እሷ አንገቷን ደፋች፣ እሳቸው ዝም አሉ፣ ሁለቱም የቤታችሁ ሰዎች ናቸውና ዝምታው ከየት እንደመጣ አይጠፋሽም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መሲሕ የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ ነው፣ የተቀባ ማለት ነው፣ በዘይት የተቀባ። ንጉሥ ሲነግሥ፣ ካህን ሲሾም ይቀባል፣ ሳኦልም ተቀብቷል፣ ዳዊትም። የሚገርምሽ ኢሳይያስ 45 ላይ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ራሱ የተቀባው ተብሏል፣ አሕዛብ ሰውዬ። ግሪኮቹ ቃሉን ሲተረጉሙት ክርስቶስ አሉት፣ ስለዚህ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለሽ በጠራሽ ቁጥር መሲሑ ኢየሱስ እያልሽ ነው። መቼም የጎጃም ሰው ስለ መቀባት ክርክር ሊማር ሌላ አገር አይሄድም፣ ቅባት፣ ካራ፣ ጸጋ በሚባሉ ሦስት ወገኖች ተከፍሎ የክርስቶስ መቀባት ምን ማለት ነው በሚል ስንት ሊቅ ተነታርኳል፣ ነገሩ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከ 1870 ዓ.ም. ደርሷል። እነዚያ እንግዲህ የተቀባው ማን እንደሆነ አንድም ጥርጥር የሌላቸው፣ አንድ መስቀል የሚሳለሙ ሰዎች ናቸው። አባትሽ ይሄን ታሪክ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ሲያወሩ መስማት ነው።

አይሁዶች የሚጠብቁት መሲሕ ሰው ነው፣ ከዳዊት ዘር የሚወለድ ንጉሥ፣ የሚሰገድለት አይደለም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ የኖረው ራምባም የሚሉት ሐኪምና ሊቅ፣ ሙሴ ቤን ማይሞን፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፤ መሲሑ ተአምር ማድረግ አይጠበቅበትም፣ የሚታወቀው በሥራው ነው፣ ሕጉን ይጠብቃል ያስጠብቃል፣ ቤተ መቅደሱን ይሠራል፣ የተበተኑትን እስራኤል ይሰበስባል፣ ይሄን ሳይፈጽም ከተገደለ እሱ አይደለም ማለት ነው። ይሄ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ132 እስከ 135 ሮማውያንን የወጋው ባር ኮኽባ የሚባል ሰው ነበር፣ ታላቁ ረቢ አኪባ ሳይቀር ንጉሡ መሲሕ ይሄ ነው ብሎ ነበር፣ ተገደለ፣ አገሩም ጠፋ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። ስለዚህ እህትሽ «ሰላሙ የታለ?» ስትል አጎትሽን ለማናደድ ከኪሷ ያወጣችው ነገር አይምሰልሽ፣ የነሱ ዋና ጥያቄ ነው። ኢሳይያስ ሰይፋቸውን ማረሻ ያደርጋሉ ብሎ የለ፣ እነሱ ማረሻውን ነው የሚጠይቁት። እኛም ጎጃም ተቀምጠን ይሄን ጥያቄ አይገባንም ብንል ዋሽተናል።

አባትሽ ግን «መጣ» ሲሉ የሚለኩት በሌላ ነው። የሳቸው ሂሳብ ከአዳም ይጀምራል፣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ያለው ኪዳን፣ 5500 ዘመን ማለት ነው፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር በባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩት እሱን ነው። ለሳቸው ጠላቱ ሮም አልነበረም፣ ሞት ነው፣ ሲኦል ነው። መስቀል ላይ መሞቱ ለአይሁዱ «እንግዲያ እሱ አይደለም» የሚያሰኝ ሲሆን ለአባትሽ ራሱ የመጣበት ሥራ ነው። ማረሻው ደግሞ አልቀረም፣ ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ዳግመኛ በጌትነት ይመጣል ስንል እሱን ነው የምንለው፣ ደብረ ዘይት የሚከበረውም ለዚሁ ነው። የእህትሽ ቤት የቀን መቁጠሪያ ደግሞ ከፍጥረት ጀምሮ ገና 5780ዎቹ ላይ ነው፣ የአባትሽ ከ7500 አልፏል፣ እንግዲህ ዘመኑን እንኳን አንድ ላይ የማይቆጥሩ ሰዎች ናቸው ቡና ላይ በአንድ ቃል የተጣሉት።

አንዳንዱ ሰው «ሁለታችንም'ኮ እየጠበቅን ነው፣ እነሱ ሲመጣ እኛ ሲመለስ፣ ምን ያጣላናል» ይላል። ደግ አባባል ናት ግን አልወዳትም፣ አባትሽም አይቀበሏትም እህትሽም አትቀበላትም። ልዩነቱ የቀጠሮ አይደለማ። አባትሽ ኢየሱስ አምላክ ነው ይላሉ፣ እህትሽ ማታ ልጇን ስታስተኛ «ሸማዕ እስራኤል» ብላ እግዚአብሔር አንድ ነው ስትል ሰው ሆኖ የተወለደ አምላክ የሚባል ነገር እዛ ውስጥ አይገባላትም። ይሄን አንቺ ታስታርቂዋለሽ ብዬ አልጠብቅም፣ 2000 ዓመት ሙሉ ያልታረቀ ነው፣ ከጫንቃሽ አውርጂው። ያንቺ ሥራ ስልኩን ማስነሣት ብቻ ነው።

የአጎትሽን ግን እንዲህ አልተወውም። ሐሳዊ መሲሕ የሚለውን ነገር ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ እንደ ቆሎ ሲበትኑት እሰማለሁ። የሱ ፍርሃት ምን ይሁን ምን፣ ልጇን ይዛ አገሯ የመጣችን ሴት የምትጸልይበትን ተስፋ ሰይጣን ነው ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ማን ምን ይሰማል። አጎትሽን ለክርክር አትጥሪው፣ ዕርቁ ላይም አይግባ፣ ብቻውን ስታገኚው ግን «ጋሼ፣ ያቺን ቃል ለሷ ባትደግምብኝ» በይው።

ደግሞ ይሄ መጠበቅ እህትሽ እስራኤል ሄዳ የተማረችው የፈረንጅ ነገር አይደለም። የባሏ አያቶች እዚሁ ጎንደር ሆነው ኢየሩሳሌምን ሲጠብቁ ነው የኖሩት፣ ስግድ የሚሉትን በዓላቸውን ተራራ ላይ ወጥተው ሲጾሙ ሲሰግዱ፣ ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ፣ ካህናቶቻቸውንም ቄስ እያሉ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ አባ ማሐሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤሎቹ መነኩሴ ጊዜው ደርሷል ቀይ ባሕር ይከፈልልናል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወጥተዋል፣ ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ጨረሳቸው፣ የተረፉት ተመለሱ። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። አባትሽም የመርጡለ ማርያምን ታሪክ የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋባት ነበር የሚባልላት ደብር እዚሁ ጓሯችን ናት፣ ለሳቸው ኦሪት የባዕድ ቤት አይደለም። ከባሏ ዘመዶች ግዕዝ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ አንድ ቀን ስልክ ቢያገናኟቸው ምንኛ ደስ ባለኝ፣ ስለ ሃይማኖቱ ሳይሆን ስለ ግዕዙ እንዲያወሩ። ይሄ ግን ሲቆይ ነው፣ አሁን አትቸኩይ።

አሁን ያንቺን፣ ለማንም ያልነገርሽውን። መጠየቅሽ ኃጢአት ይሁን አይሁን የምለው እኔ አይደለሁም፣ አንድ ነገር ግን ላስታውስሽ። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ የነበረው ማነው? የኛው አገር ጃንደረባ። የቱን ክፍል ነበር የሚያነበው? ይሄንኑ 53ኛውን። ፊልጶስን ምን ብሎ ጠየቀው? ነቢዩ ይሄን የሚለው ስለ ማን ነው፣ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው። አየሽ፣ ዩቲዩብ ላይ ማታ ማታ የሚያንገላታሽን ጥያቄ ከኢትዮጵያ ሰው መጀመሪያ የጠየቀው እሱ ነው፣ ማንም አልተቆጣውም፣ ፊልጶስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነው ያስረዳው።

ክርስቲያኑ ያ የታመመው አገልጋይ ክርስቶስ ነው ይላል። ከአይሁድ ሊቃውንት ብዙዎቹ፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ራሺን ጨምሮ፣ አገልጋዩ በአሕዛብ መሃል የተሠቃየው የእስራኤል ሕዝብ ነው ይላሉ፣ እዛው ኢሳይያስ 49 ላይ «እስራኤል ሆይ አንተ ባሪያዬ ነህ» የሚል ስላለ። የድንግሊቱም ነገር እንዲሁ ነው፣ ዕብራይስጡ ዓልማ ይላል፣ ወጣት ሴት ማለት ነው፣ ግሪኩ ድንግል ብሎ ተረጎመው፣ የኛ ግዕዝ ብሉይ ደግሞ ከግሪኩ የተተረጎመ ነው። ዩቲዩብ ላይ የማይነግሩሽ ግን ያን ግሪክ የተረጎሙት ራሳቸው አይሁዶች ናቸው፣ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት። እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ ሌሊት ቪዲዮ የሚጨርሰው አይደለም፣ ሁለቱም ወገን ዕድሜውን ሙሉ ሲያነበው የኖረ መጽሐፍ ነው፣ የሚያነብበት መነጽር ነው የተለያየው። የቅኔ ልጅ ነሽ፣ ሰሙን ብቻ ይዞ ያለና ወርቁን ቆፍሮ ያወጣ አንድ ግጥም ላይ እንዴት እንደሚለያዩ ቤታችሁ በር ላይ ስትሰሚ ነው ያደግሽ።

እና ለምን አባትሽን አትጠይቂም? «ያጡኝ ይመስላቸዋል» ብለሻል። ይሁን፣ ግን እንዴት ብትጠይቂ ነው ያጡሽ የሚመስላቸው? «አይሁዶቹ እንዲህ ይላሉ፣ እርስዎ ተሳስተዋል» ካልሽ አዎ። ማታ ራት ከተበላ በኋላ መጽሐፉን ይዘሽ «አባዬ ኢሳይያስ 53ን አንድምታውን ይንገሩኝ፣ አልገባኝም» ብትይስ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲጠይቃቸው የኖሩ ሰው ናቸው። የገዛ ልጃቸው ግን ጠይቃቸው ታውቃለች? እንጃ፣ ከደብዳቤሽ አላየሁም። ምናልባት መልሳቸው ሙሉ በሙሉ አያሳርፍሽ ይሆናል፣ ጥርጣሬሽም ቢቆይ ይቆይ፣ ብቻሽን በጨለማ ከስልክ ጋር ከምታድሪ ግን ይሻላል። ያን ስልክ ግን ለጥቂት ሳምንት ማታ ማታ ብታሳርፊው ደስ ይለኛል፣ በተለይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን፣ እዛ ሰዓት ላይ የተሰማ ነገር ሁሉ እውነት ይመስላል።

ለእህትሽ ደውዪና መሲሕ የሚለውን ቃል ሳታነሺ ስለ በጉ ብቻ አውሪያት። አባዬ ከወር በፊት ነው የገዙት፣ ራሳቸው ናቸው ያበሉት በያት፣ ምናልባት አታውቅም'ኮ። ከዛ ቮይስ ትላክ፣ አጭር፣ ራሷን የምትከላከልበት አይደለም፤ «አባዬ ለኔ ብለው የደከሙትን አይቻለሁ፣ ያልበላሁት የርስዎን እጅ ንቄ አይደለም፣ ሕጋችን ሆኖብኝ ነው፣ ቀድሜ ባለመንገሬ ይቅር ይበሉኝ» ትበል፣ ቃሉን እሷ ታውቃለች። ለአባትሽ አንቺ አታስተላልፊ፣ ስልኩን ክፈቺና አጠገባቸው አስቀምጠሽ ወጥ ልታማስዪ ሂጂ። እሳቸው ብቻቸውን ይስሙት፣ ሰው ፊት ሆነው ማልቀስ አይችሉም። የንስሐ አባታችሁን ስለ ማስገባት ጠይቀሽኛል በዋናው ደብዳቤ ላይ፣ ከአባትሽ ጋር የሚግባቡና ምላሳቸው የረጋ ከሆኑ እሺ፣ ካልሆነ ግን እንኳን ሽማግሌ ጎረቤትም አይስማ፣ ነገሩ የሃይማኖት ጉባኤ ይሆንባችኋል።

ሌላው፣ ድጋሚ ስትመጣ በበዓል አትምጣ። የእስራኤል ትምህርት ቤት በክረምቱ ይዘጋል አይደል፣ ነሐሴ ላይ በፍልሰታ ትምጣ። ማንም አያርድም፣ ማንም ሥጋ አያቀርብም፣ አባትሽም ሽሮ እሷም ሽሮ። ዝናቡ ያስቸግራል እንጂ ከዛ የተሻለ ጊዜ አይታየኝም። ድስቱን ግን ቀድመሽ ጠይቂያት፣ አዲስ ድስት ገዝተሽ ብትጠብቂያት ራሱ ምን ያህል ደስ እንደሚላት። ዓሣም ይበላሉ፣ ቅርፊትና ክንፍ ያለው ከሆነ፣ የጣና ቆሮሶ ይሆናል አምባዛ ግን አይሆንም፤ መቼም በፍልሰታ አባትሽ ፊት ዓሣ አታቀርቢም።

የመጨረሻው ስለ ልጁ ነው። እሱ ያለውን አይተሽዋል? «መጀመሪያ ኤልያሁ ነው የሚመጣ» ነው ያለው። ይሄ ሚልክያስ መጨረሻ ላይ ያለ ነው፣ ፋሲካቸው ማታ ለኤልያስ ጽዋ ሞልተው በር ይከፍቱለታል፣ ልጆቹ ሮጠው ነው የሚከፍቱት፣ እሱ ያን በር እያሰበ ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሄኖክና ኤልያስ በመጨረሻው ዘመን ይመጣሉ ትላለች፣ መጥምቁ ዮሐንስም በኤልያስ መንፈስ መጣ እንላለን። አባትሽ ደብረ ኤልያስ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ወጣትነታቸውን በስሙ በተጠራ አገር በቆሎ ተማሪነት አሳልፈዋል፣ ያቺን ደቂቃ በጉ ባይኖርና አጎትሽ ባይጮህ ኖሮ ኤልያስ ከሚለው ስም ሌላ ምን ሊይዛቸው ነበር? ልጁን አስደውዪው። ስለ መሲሕ ምንም አይበል፣ «ሳባ፣ ኤልያስን ቁራ እንዴት እንዳበላው ንገረኝ» ብቻ ይበል፣ ቁራውንና የሰራፕታዋን መበለት ዱቄት እሳቸው ያውቁበታል። ቅዳሜ ግን አይሁን፣ ሰንበታቸው ስለሆነ ስልክ አይነኩ ይሆናል፣ እሁድ ከሰዓት አድርጊው፣ አባትሽ ከቅዳሴ ተመልሰው ትንሽ ጋደም ካሉ በኋላ።